ያልተቆረጡት ገጾች

ይድረስ እንደ እናት ላሳደግሽኝ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ ታረቃችሁ? ባለቤትሽንስ ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹ መልኬን ሳይረሱት አይቀሩም። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር በአካል ደህና ነኝ። በአካል ያልኩት ያለ ነገር አይደለም፤ እነግርሻለሁ።

የምሠራላቸው ያገራችን ሰው፣ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም፣ በሆዴ «መንጋጋ» የምላቸው፣ የድሮ መጽሐፍ ይሰበስባሉ። ያውም የተገኘውን ሁሉ እንዳይመስልሽ፤ በእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተጻፈ አስፈሪ ልቦለድ፣ እሱም የመጀመሪያው እትም ብቻ። ያኔ መጽሐፍ ገጾቹ እንደተጣጠፉ፣ ጠርዛቸው ሳይቆረጥ ይሸጥ ነበር አሉ፤ አንባቢው ራሱ በቢላዋ እየከፈተ ያነባል። ጠርዙ ያልተቆረጠ ከተገኘ ማንም አላነበበውም ማለት ነውና ከዓይን ብሌን ይበልጥባቸዋል። እንዲህ ያለ አንድ አላቸው። ግማሽ ዕድሜያቸውን ፈልገው ያገኙትን መጽሐፍ እሳቸውም አላነበቡትም። ወጥ ሠርቶ ማሽተት በይው።

ባለፈው ወር አቧራ ስጠርግ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ተቆርጠው አገኘሁ። ሮጬ የነገርኳቸውም እኔው ነኝ። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ምን እንዳሰቡ አይጠፋሽም። ሌላ ሥራ ፈልጊ አሉኝ። የመጽሐፉን ቁምሳጥን ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩ። በማግስቱ ጠዋት ሌሎች ገጾች ተቆርጠው ነበር።

ቁርስ ሳቀርብ ሌሊት ያየሁትን ሕልም አወራኋቸው። አንዲት ሴት ባሕር ውስጥ ለሰጠመ ባሏ ማታ ማታ ራት ታቀርባለች፤ ጠዋት ደረጃው ላይ የእርጥብ እግር ዱካ ታገኛለች። የጎረሱትን ሳይውጡ ተነሱ። አዲስ የተቆረጡትን ገጾች አንብበው ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። ነገሩ ቃል በቃል ያው ነው አሉኝ። የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ከሰላምታ እንደማያልፍ አንቺ ታውቂያለሽ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ስንብቴ አንስተው አያውቁም። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። በየጠዋቱ ወንበር ስበው ሕልሜን ይጠብቃሉ፤ እንደ ሕፃን ከዚያስ ከዚያስ ይሉኛል። ለምን ጥለሽ አትወጪም ትይኛለሽ። በእንቅልፌ የምትቆርጠዋ እኔው ከሆንኩ አብራኝ ትወጣለች፤ የት እሸሻለሁ?

የትናንቱን ሕልሜን ግን አልነገርኳቸውም። የሰጠመው ባል ብቻዬን መብላት ሰለቸኝ ሲላት፣ ሴትየዋ ቁጭ ብላ ሩቅ ላለችው እህቷ ነይ ብላ ትጽፋለች።

እትዬ፣ ልጅ ሳለሁ በእንቅልፌ እየተነሳሁ ስሄድ እግሬን ከእግርሽ ጋር በቀይ ክር ታስሪው ነበር። ስሰደድ ሻንጣዬ ውስጥ ከከተትሽልኝ ከዚያ ክር ቁራጭ ቆርጬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌዋለሁ። ከእንግዲህ በምጽፍልሽ ሁሉ ቁራጭ ይኖረዋል። በእኔ እጅ ጽሑፍ ነይ የሚል ቢመጣና ክሩ ከሌለው የእኔ አይደለም፤ አትምጪ። ፈርቻለሁ።

ለባለቤትሽ፣ ለትልቋ ልጅሽ፣ ፀጉር መቆረጥ ለሚጠላው ለትንሹ፣ እንዲሁም ወሬዬን ሳትጠይቅ ለማታድረዋ ለጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ታናሽ እህትሽ
ከመጻሕፍቱ ቤት፣ ጥቅምት ፳፮ ቀን

ይህን ደብዳቤ ትናንት አሽጌው ነበር። ዛሬ ጠዋት ልልከው ሳነሳው የፖስታው ጠርዝ በቢላዋ ጥርት ተደርጎ ተቆርጧል። ወረቀቱ እንዳለ ነው። ክሩ ግን የለም፤ ሻንጣዬ ውስጥ የቀረውም የለም። እንግዲህ ክሩ ገጾቹን በሚቆርጠው እጅ ነው፤ ክር ያለበት ደብዳቤ ከደረሰሽ አትምጪ።