ወሬ የማያሳድሩት የአቶ ንጉሤ ወልደየስ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው አርበኛው፣ የጋዜጣ ወሬ ላኪውና የምክር ቤት አባል የነበሩት አቶ ንጉሤ ወልደየስ፣ ከአባታቸው ከአቶ ወልደየስ አብተው፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ በላይነሽ ደምሰው፣ በ1901 ዓ.ም. ከሸዋ ሮቢት በላይ ባለችው መንደራችን ተወለዱ። ከደብሩ መሪጌታ ፊደልና ዳዊት ተማሩ። ድቁና ይቀበላሉ ሲባል ጨው ንግድ ገቡ። ቅዳሴ መሀል ወሬ ስለሚያመጡ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ጎረቤቶቻቸው አንፈርድም።

በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን ሲይዝ ታናሽ ወንድማቸው ጌታቸው ጠመንጃ ይዘው ጫካ ገቡ። አቶ ንጉሤ ደግሞ ጨው የጫኑ አህዮች እየነዱ፣ ከሮቢት አጣዬ፣ ከአጣዬ ማጀቴ እየተመላለሱ የጠላትን ወሬ ለአርበኞች አቀበሉ። ማጀቴ ሲሄዱ የሚያሳድሯቸው ወዳጃቸው ሼህ ሙሳ፣ «የንጉሤ አህያ ጨው ብቻ ነው የምትጭነው፤ ከባዱን ወሬ ራሱ ይሸከማል» ይሉ ነበር። እውነትም ወሬ እሳቸው ዘንድ አያድርም።

አንዱ ግን አደረ። በ1930 ዓ.ም. ጌታቸው ከጣርማ በር በታች በተደረገ ውጊያ ወደቁ። በልማዳችን መርዶ ሽማግሌ ተሰብስቦ ሳይነጋ ይነገራል፤ ከዚያ ድንኳን ይተከላል። ያን ጊዜ ለአርበኛ ድንኳን የተከለ ቤት ግን ይቃጠል ነበር። ስለዚህ አቶ ንጉሤ መርዶውን ዋጡት። ከገበያ በተመለሱ ቁጥር እናታቸው «የጌታቸውስ ወሬ?» ሲሏቸው፣ «ደህና ነው» ይላሉ። ወንድማቸውን የሚያለቅሱት መንገድ ላይ፣ ከአህዮቻቸው ኋላ ነበር።

በ1933 ዓ.ም. ጠላት ሲወጣ ሽማግሌ ይዘው ጎህ ሳይቀድ የእናታቸውን ደጅ መቱ። ወይዘሮ በላይነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቁጭ ብለው ጠበቋቸው። «ያንተ ወሬ መቼ በሁለት ቃል አልቆ ያውቃል ልጄ? ‹ደህና ነው› ብለህ ዝም ያልከኝ ቀን አውቄዋለሁ» አሏቸው። ለካ እሳቸውም የቀራቸው ልጅ እንዳይጠፋባቸው እንባቸውን ይዘው ኖረዋል። ድንኳኑ ያን ዕለት ተተከለ።

አቶ ንጉሤ በ1935 ዓ.ም. ወይዘሮ መሠረትን አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። ለአዲስ አበባ ጋዜጣ የአውራጃውን ወሬ ይልኩ ነበር። በ1949 ዓ.ም. ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመርጠው ስለ መንደራችን ውሃ አራት ዓመት ተናገሩ። ውሃው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው። ዳግመኛ ይወዳደሩ ቢባሉ፣ «ደክሞኛል፤ አሁን ደግሞ ውሃው ይናገር» አሉ።

በደረት ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ድምፃቸው ሲደክም ባለቤታቸውን «የኔን መርዶ እንዳታሳድሩት» ብለው አደራ አሏቸው። ሚያዝያ 9 ቀን 1965 ዓ.ም. ሌሊቱን አረፉ። ሽማግሌ አልጠበቅንም፤ እዚያው ጡሩምባ አስነፋን፤ ማጀቴም ለሼህ ሙሳ በመጀመሪያው አውቶቡስ ላክን። ሼሁም ይኸው ደርሰው እፊታችን ተቀምጠዋል።

ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን እግዚአብሔር ያጽናልን። የእሳቸውንም ነፍስ ከእናታቸውና ከወንድማቸው ጋር ያሳርፍልን፤ እዚያ ሲገናኙ ወሬው በሁለት ቃል አይለቅባቸው። አሜን።