ካቢኔው ሥር የቀረው ሙቀት

ማርሊስ፣

አውቶቡሱ ሳያመልጠኝ ልንገርሽ። ከማጠቢያው ካቢኔ ግርጌ የገጠምኩት የሙቀት ማውጫ ፍርግርግ የውሸት ነው።

ከማሞቂያው ሞቃት አየር የሚወጣበትን የወለሉን ቀዳዳ አዲሱ ካቢኔ ስለሸፈነው፣ ሙቀቱን በቆርቆሮ ቱቦ ወደ ፊት ማምጣት ነበረብኝ። ቱቦውን አሳጥሬ ቆረጥኩትና ፊት ድረስ አልደረሰም። ካቢኔውን እንደገና መንቀል ዳገት ሆነብኝና ፍርግርጉን ብቻ ሳንቃው ላይ በብሎን አሰርኩት። ከኋላው ምንም የለም።
"ባለሙያ እንጥራ" ስትይኝ "እኔ እያለሁ ለምን?" ያልኩሽ ሰውዬ ይኸውልሽ።

የካቢኔው ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ቸኮሌትሽ የቀለጠው ሙቀቱ እዚያው ታፍኖ ስለቀረ ነው። ባለሱቁን "የቀለጠ ሸጥክልኝ" ብለሽ ስትቆጪው አጠገብሽ ቆሜ ነበር።

ቅቤውንም ከዚያ መሳቢያ አውጪው።
ዛሬ ከሐይቁ የሚመጣው ብርድ ይብሳል ብለዋል። ቢሆንም ማሞቂያውን ከፍ አታድርጊው፤ የሚሞቀው መሳቢያው ብቻ ነው።

ጠዋት ፍርግርጉ ፊት ቆመሽ ቡናሽን ስትጠጪ "ይሞቃል?" አልኩሽ።
"እሳት ነው፣ እጅህ ይባረክ" አልሽኝ።
ጎንበስ ብዬ ሳይ የሱፍ ካልሲ ሁለት ደርበሻል።

ቅዳሜ ካቢኔውን እነቅለዋለሁ። እስከዚያ እባክሽ፣ ሞቀኝ አትበይኝ።

ኤልዊን