ያጋቡን ሰው ምስክርነት

ውድ ቶኩጂ፣

ዛሬም ፎቶህ ፊት ሩዝ ካስቀመጥኩልህ በኋላ እንደ ልማዴ በአፌ ላወራህ ነበር። ነገር ግን በወሬ ሁልጊዜ ትቀድመኛለህ፤ ከሞትክም ወዲህ አልተውከኝም። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ያልፈቀድከውን ነገር አድርጌያለሁና ሳታቋርጠኝ ስማኝ።

ሐኪሙ ሳንባህን የጎዳው እንደ ጥጥ የሚባዘተው የአስቤስቶስ ድንጋይ ብናኝ ነው ያለህ ሰሞን፣ ሚዞጉቺ የምትባለው ወጣት ጠበቃ ቤታችን መጥታ ነበር። ሕመምዎ ከሥራ የመጣ መሆኑን መንግሥት እንዲያምን በነፃ ልከራከርልዎ ስትልህ ፊትህን አዞርክባት። ከሄደች በኋላ ነው የተናገርከው።

"ኒሺዋኪ ሥራ ሰጡኝ፣ አንቺንም ዳሩልኝ። የበላሁበትን ወጪት አልሰብርም።"

እውነቱን ልንገርህ፣ በሃምሳ ስምንት ዓመትህ እስክትሞትብኝ ድረስ ተናድጄብህ ነበር።

ከቀብርህ በኋላ ሚዞጉቺን ራሴ ጠራኋት። ችግሩ በኒሺዋኪ የአስቤስቶስ ፋብሪካ መሥራትህን የሚያሳይ አንዲት ወረቀት አለመኖሩ ነው። ፋብሪካው ፈርሶ የሽንኩርት ማሳ ሆኗል፤ አብረውህ የሠሩትም አንድ በአንድ አልቀዋል። ልጅቷ ዓመት ሙሉ ለፍታ ባዶ እጇን ቀረች። እስከ መኸር ማስረጃ ካልተገኘ መዝገቡ ይዘጋል አለችኝ።

የቀሩት የሟቹ የኒሺዋኪ ባለቤት እትዬ ታኔ ብቻ ነበሩ። በምን ፊቴ ልሂድ? ቢሆንም ጨው ውስጥ ያከረምኩትን ደበርጃን ይዤ ሄድኩ። ስለ ዝናብ አወራን፣ ስለ ሽንኩርት አወራን፤ የሄድኩበትን ግን ሳልናገር ተነሣሁ። በር ላይ ጫማዬን ሳደርግ እሳቸው የኦክስጅን ቱቧቸውን እየጎተቱ፣ እያሳሉ ተከተሉኝ።

"ሃትሱኤ፣ ለደበርጃን ብለሽማ ይህን ዳገት አልወጣሽም። ቆይ።"

ከመሳቢያ የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። ኒሺዋኪ በሠርጋችን ዕለት፣ እንደ አጋቢ ደንብ ቆመው እኛን ለእንግዶች ያስተዋወቁበት ንግግር ነው። በእጃቸው የተጻፈ፣ ቀኑም ያለበት። እንዲህ ይላል፦ "ቶኩጂ በፋብሪካዬ ስድስት ዓመት ሠርቷል። አስቤስቶስ በሚያባዝተው ማሽን ላይ የሚስተካከለው የለም። ማታ ከነብናኙ ነጭ ሆኖ ሲገባ፣ ሙሽሪት፣ ሽማግሌ ያገባሽ እንዳይመስልሽ።"

ያኔ አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። ከሁሉ አብልጠህ የሳቅከው አንተ ነበርክ።

ወረቀቱን ለመቀበል እጄ እንቢ አለኝ። ኒሺዋኪ በመቃብራቸው ሆነው ይቀየሙኛል አልኳቸው።

"እሱንስ የገደለው ይኸው ሳል አይደል? አፍ ቢኖረው ራሱ ይመሰክር ነበር" አሉና ወረቀቱን መዳፌ ላይ አኖሩት። "እንኪ አፉን።"

ባለፈው ሳምንት ውሳኔው መጣ። ስምህ ተጽፎ፣ ሕመሙ ከሥራው የመጣ ነው ይላል። ሚዞጉቺ ስታነብልኝ ድምጿ ተቆራረጠ፤ እኔ ግን ጎረቤት እስኪሰማ ሳቅኩ። ደስ ብሎኛል ቶኩጂ። አሁን በዚያው ብናኝ የታመሙትን የእትዬ ታኔን ጉዳይ ይዘናል፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግፌያቸው ጠበቃዋ ዘንድ እወስዳቸዋለሁ። መንገድ ላይ ሁለታችን አንተን እናማሃለን።

እንግዲህ አትቆጣ፤ የሰበርኩት ወጪት የለም። ያጋቡን ሰው ናቸው ዳግም ቆመው የተናገሩልህ። እዚያ ካገኘሃቸው አመስግንልኝ።

ሽማግሌ ሳትሆን ሄድክ። አሁን ነጭ የሆንኩት እኔ ነኝ፤ ስንገናኝ እንዳትስቅብኝ።

ሚስትህ ሃትሱኤ