ትንፋሽሽን ቀንሺ ያልኩሽ ቀን

ለባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ የእህትሽ ቤት ደረጃ አባሰው? ሙቀቱ እንዴት ነው ብዬ አልጠይቅሽም፤ ሂልካ ቤቷን እንደ ዳቦ መጋገሪያ እንደምታሞቀው አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። የደም ግፊት ክኒኔን በሰዓቱ እየዋጥኩ ነው፣ ከሁለት ቀን በቀር። መስኮቱ ላይ ያለችው አበባሽ አልሞተችም፤ ግን ቅር ብሏታል።

ከወታደር ቤት ወዲህ ደብዳቤ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስልክማ ደውዬ ነበር። "እዚህ ካያኒ ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስድስት ገብቷል" አልኩሽ። "እዚህ ኦውሉ ሃያ አንድ ነው" አልሽኝ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን፣ ከዚያ ዘጋን። አርባ አንድ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው የብርድ ቁጥር ተነጋግሮ ስልክ ይዘጋል? እኔ ዘጋሁ። ወረቀት ይሻላል፤ ዝም ካልኩበት ባዶ መሆኑ ይታያል።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልናገር። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔም ማወቄን እንድታውቂልኝ ነው።

ጥፋቱ የተጀመረው የሰፈሩ እንፋሎት መታጠቢያ፣ ሳውና ውስጥ ነው። ሃይብሪድ መኪናችንን፣ ያቺን በቤንዚንም በባትሪም የምትሄደውን፣ በሙቀቱ ወራት የገዛን ሰሞን በመቶ ኪሎሜትር አራት ሊትር ከምናምን ስትጠጣ አየሁና፣ ረቡዕ በወንዶች ተራ ላይኛው እርከን ላይ ጉብ ብዬ "የኔዋ ዓመቱን ሙሉ ከአምስት አታልፍም" ብዬ ለፈፍኩ። ማን ጠየቀኝ? ጎረቤታችን ኤይኖ፣ ያን የሚያጓራ የናፍጣ መኪናውን ማታ ማታ ግቢው ምሰሶ ላይ ካለው የኤሌክትሪክ ሶኬት ሰክቶ ሞተሩን እያሞቀ የሚያሳድረው ሰውዬ፣ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ቸለስ አድርጎ "እስቲ ጥር ይምጣ" አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ጥር መጣ። ኅዳር ላይ ስድስት የነበረው ሰባት ነጥብ ሁለት ገባ። ኤይኖ ባገኘኝ ቁጥር "ዛሬስ ስንት ሆነላት?" ይለኛል፣ ልክ ትኩሳት የያዘው ሰው ቤቴ እንዳለ። እልሄን ታውቂዋለሽ፤ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ቀን ታዲያ ማሞቂያውን ሳጠፋው ሞተሩም አብሮ ጸጥ አለ። ለካ በዚህ ብርድ ሞተሩ ነጋ ጠባ የሚንጫጫው ለመንዳት ብቻ ሳይሆን እኛንም ለማሞቅ ኖሯል! እኛ ካልሞቅን እሱም ያርፋል፣ ቤንዚኑም ይተርፋል። ወርቅ ያገኘሁ መሰለኝ። ማሞቂያውን ዘጋሁት። ከኋላ ወንበር ጎን ያለችውን ሽንቁር ደግሞ ብርድ የምታስገባ መስላኝ በሱፍ ካልሲ ወተፍኳት። ካልሲው አንቺ የሠራሽልኝ ግራጫው ነው። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

ከዚያ የሂልካ ሰባኛ ልደት ደረሰ። ያን ቀን ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ነበር። አንቺ ያን ሰማያዊ ቀሚስሽን ለብሰሽ፣ የሠራሽውን የሳልሞን ዓሣ ዳቦ ኬክ ጭንሽ ላይ አድርገሽ ጋቢና ተቀመጥሽ። "ማሞቂያውን ክፈተው" አልሽኝ። "ትንሽ እንሂድና" አልኩሽ። አንድ ሰዓት ሄድን፤ አልከፈትኩትም። መስታወቱ ከውስጥ በኩል በረዶ ሠራ፤ አንቺም የቤተ መጻሕፍት ካርድሽን አውጥተሽ ትፍቂልኝ ጀመር። እኔ ዓይኔ ከቁጥሩ ላይ አይነቀልም፤ አምስት ነጥብ አንድ፣ አምስት፣ አራት ነጥብ ዘጠኝ። መንገዱ ቢጋረድብኝ ጊዜ ያቺን ነገር አልኩሽ። "እባክሽ ትንፋሽሽን ቀነስ አድርጊው፣ መስታወቱን እያጨፈገገው ነው" አልኩሽ።

አፌን በቆረጠው!

የሂልካ በር ላይ ስናቆም ቁጥሩ አራት ነጥብ ስምንት ነበር። እኔ መሪውን በጥፊ መትቼ "አራት ነጥብ ስምንት!" ብዬ ጮህኩ። አንቺ ኬክሽን አቅፈሽ ወረድሽና "እንግዲህ" አልሽ። እኔ ጅሉ "እንግዲህ ደረስን" ያልሽ መስሎኝ "አዎ፣ እንግዲህ!" ብዬ መለስኩልሽ፣ ያውም በፈገግታ። እኛ አገር አንዲት "እንግዲህ" ሥራ ያስጀምራል፣ እንግዳ ያስነሳል፣ ሬሳ ያስወጣል። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች በድምፅሽ ስለይ ኖሬ ያን ቀን ሳትኩ። ኬኩ በረዶ ሆኖ በቢላ አልቆረጥ ብሎ የሂልካ አማች መጋዝ ያምጣ አያምጣ ሲባል እንኳ ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ማታ "እኔ እዚሁ እቆያለሁ" ስትዪ ሰሃን ልታጥቢ መሰለኝ።

ብቻዬን ተመለስኩ። ረቡዕ ሳውና ገብቼ "አራት ነጥብ ስምንት" አልኩ። ኤይኖ አየኝና "ሚስትህስ?" አለ። "እህቷ ጋ ናት" አልኩት። "መቼ ትመለሳለች?" አለኝ። እንፋሎቱ ዓይኔ ውስጥ የገባ አስመሰልኩ። እሱ ሆዬ "እንግዲያውስ አሁን ደግሞ ይቀንስልሃል፣ ሸክም የለብህም" አለኝ። ጨዋታ ነበር። እኔ ግን ሰውነቴን ሳልታጠብ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ መቀነሱ ቀርቶ ወደ ላይ ወጣ። እኔ ብርዱን ችዬ ቁጭ ብያለሁ፣ መኪናዋ ግን ስምንት ትጠጣለች። ባለፈው ሰኞ ይባስ ብላ ጭራሽ አልነሳም አለች። ምክንያቱ ሬዲዮ ነው። እሑድ ግቢ ውስጥ መኪናዋን ሳላስነሳ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ተቀምጬ ሬዲዮ ሳዳምጥ ትንሿን ባትሪ ጨረስኳት፤ እነዚህ መኪኖች ትልቁ ባትሪያቸው ቢሞላም ትንሿ ከሞተች አይነሱም፣ ብርድ ደግሞ ቶሎ ይገድላታል። ቤት ውስጥ ሬዲዮ የለም ወይ ትይኛለሽ። አለ። ግን ሻርፕሽ ጋቢና ላይ ቀርቶ ነበር።

ማን አስነሳኝ መሰለሽ? ኤይኖ፣ በዚያ በሚያጓራው! የሁለቱን መኪኖች ባትሪ በሽቦ አገናኝቶ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መስኮት ላይ ወጥቶ እያየ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት። ሰውዬው ግን የዚያን ቀን አልቀለደም። ሲጨርስ ብቻ "ሂድ፣ አሳያት" አለኝ። መኪናዋን ጋራዥ ውሰዳት ማለቱ መሰለኝና ሄድኩ።

መካኒኳ ቬንላ የምትባል የልጅ ልጃችን የምታክል ልጅ ናት። ጉዷን ስታገላብጥ ቆይታ ከኋላ ወንበር ጎን እጇን ሰደደችና ካልሲሽን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አወጣች። "ይሄ የማን ነው?" አለችኝ።

"የኔ" አልኳት።

"አባባ፣ ትልቁ ባትሪ እኮ የሚተነፍሰው በዚህ ነው! የእናንተን አየር ነው የሚስበው። እናንተ ሲሞቃችሁ እሱም ይሞቀዋል፣ ደህና ይሠራል። ሲበርደው ግን መስጠትም መቀበልም ያቅተዋል፤ ያኔ ሥራው ሁሉ ሞተሩ ላይ ይወድቃል። ማሞቂያውንስ ምነው ዘጉት?"

"ቁጥሩ እንዲቀንስ።"

"በዚህ ብርድ ሰባት ቢል ምን አለበት? የሁሉም ሰው ሰባት ነው። እርስዎ ግን ትንፋሽ ከለከሏት።"

ስለ መኪናዋ ነው የምታወራው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ካልሲውን ኪሴ ከተትኩና ግድግዳው ላይ ያለውን የጎማ ማስታወቂያ ሳነብ ቆየሁ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጅቷ ደንግጣ ውሃ አመጣችልኝ።

ይኸውልሽ፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። አንቺን አበረድኩሽ፤ ለቁጥር ብዬ፣ ያውም ለኤይኖ ብዬ። ቁጥሩም እኮ አልበጀም! ይቅርታ አድርጊልኝ። ናፍቀሽኛል። ይኸው ጻፍኩት፤ በአፍህ በል ብትዪኝ ግን አንድ ሁለት ቀን ስጪኝ።

አሁን ማሞቂያው ሃያ ሁለት ላይ ነው። ካፖርቴን አውልቄ በሹራብ ብቻ ነው የምጽፍልሽ፤ መኪና ውስጥ በጥር ሲያልበኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የጋቢናውን ወንበር ማሞቂያም ከፍቼዋለሁ፣ ሰው ባይኖርበትም። ቅድም አንድ የሂልካ ጎረቤት መስኮቴን አንኳኩቶ "ሞተር አስነስቶ መቆም ክልክል ነው" አለኝ። "ልክ ነህ፣ ክሰሰኝ" አልኩት። ቁጥሩ ስንት እንደገባ አልነግርሽም፤ በቆቤ ሸፍኜዋለሁ። የሂልካ መጋረጃ እስካሁን ሁለት ጊዜ ተነቃንቋል። አንቺ ይሁን እሷ ከዚህ ሆኖ አይለይም።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፤ ለሂልካም ዕድሜ ይስጣት፣ በሯን የምትከፍትበትም ልብ ይስጣት። ይህን በሯ ላይ ባለው የደብዳቤ ቀዳዳ አስገብቼ ወደ መኪናው እመለሳለሁ። ዛሬ አልመጣም ካልሽም ግድ የለም፣ አትቸኩዪ፤ ስመጣ መንገድ ላይ ነዳጅ ሞልቻለሁ፣ እስከ ነገ ይበቃል።

ባልሽ