ከግርማ ራስጌ ያለው ቁጥር

ኅዳር 9፣ ሰኞ። ጠዋት 3፡00

ዛሬም ከታቦር ሰፈር በባጃጅ ሆስፒታል መጣሁ። የተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ፤ አንዱንም አላረምኩም። ባለቤቴ ግርማ ከጣሪያ ወድቆ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገባ ስድስተኛ ቀኑ። ዓይኑ እንደተከደነ ነው። ግንባሩ ላይ የተለጠፈው መሣሪያ የሚያሳየው ቁጥር ግን ትናንት 38 ነበር፣ ዛሬ 52!

ያስገጠመለት ዶ/ር ሔኖክ ነው፤ የሠርጋችን አንደኛ ሚዜ። መሣሪያው አእምሮውን ያነቃቃዋል፣ ቁጥሩ ከጨመረ እየዳነ ነው ብሎኛል። ወረቀት ሰጠኝ፣ ሳላነብ ፈረምኩ። የሔኖክን ወረቀት ማን ያነባል?

ቡሹሎ ለሚኖሩት እናቱ ደወልኩ። ሃምሳ ሁለት ገባ አልኳቸው። በስልክ እልል አሉ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ። ከሰዓት

ሌላ መሣሪያ መጣ። ጭንቅላቱን በሽቦ ሞሉት። አንዱ 55 ይላል፣ ሌላው 31። የቱን ልመን? ነርሷን ሲ/ር አልማዝን ጠየቅኳት። ደነገጠች።

«አልነገሩሽም እንዴ? የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ እያወዳደሩ እኮ ነው። ለሱ ሕክምና አንጠቀምበትም።»

ቁጥሩ የጨመረውም የሚያስተኛው መድኃኒት ስለተቀነሰለት ሊሆን ይችላል አለች። የፈረምኩትን ወረቀት ከፋይሉ አወጣችልኝ። አራት ገጽ። «ተሳታፊው ከመሣሪያው የሚያገኘው ቀጥተኛ ጥቅም የለም።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እናቱ ለጎረቤት ሁሉ አውርተዋል።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ሔኖክን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ሙሽሪት ምን ሆነሽ ብሎ ሳቀ። ዛሬም ሙሽሪት! ወረቀቱን ዘረጋሁለት።

«ጉዳት የለውም እኮ። ተስፋ እንዲኖርሽ ብዬ ነው።»

«ለኔ ተስፋ ነው ወይስ ላንተ ጥናት?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እውነቱን ብነግርሽ ትፈርሚ ነበር?»

«እፈርም ነበር! ነገ ለሌላ በሽተኛ ይጠቅማል ብትለኝ እፈርም ነበር። ግርማም እሺ ይል ነበር። አንተ ግን አልጠየቅከንም።»

ትቼው ሄድኩ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ዐሥራ አንድ ዓመት ከገበታችን ያልጠፋ ሰው። ወንድሜ እለው ነበር።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ከጥናቱ አስወጡን አልኩ። ሁለቱንም መሣሪያ አነሡ። ሌላ ሐኪም ተመደበለት፤ ሔኖክ እንዳይገባ አልኩ። ለእናቱ እውነቱን ነገርኳቸው። «እና ልጄስ?» አሉ። አላውቅም እማዬ አልኩ። እንዲህ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ። ከሰዓት 10፡00

ትናንት የመተንፈሻ ቱቦው ወጣለት። ዛሬ ዓይኑን ገለጠ። አየኝ። ስሜን ጠራ! ድምፁ የሰው አይመስልም፣ ግን ጠራኝ። ሳቅኩ፣ አለቀስኩ፣ አላውቅም ምን እንደሆንኩ።

ቀጥሎ የጠየቀኝ፣ «ሔኖክስ?»

ሔኖክ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሟል። ሲ/ር አልማዝ ይግባ ወይ ትለኛለች። ለግርማ ሥራ በዝቶበት ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ለሱ ብዬ፣ ልክ እንደ ሔኖክ። ደነገጥኩ በራሴ።

«ውጭ ነው» አልኩት። «እንዳይገባ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ለምን አላለኝም፤ በዓይኑ ጠየቀኝ። ወንበሬን አስጠጋሁና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ሁሉንም ነገርኩት።