ፈረስን በማዕረግ ላሰማሩት ሹም

መቱ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ወንድይራድ፣ የጨፌው መስክ ሹም፤
እንዲሁም ቅዳሜ ገበያ ለሚወጣ፣ ማንበብም ሆነ ቆሞ ማዳመጥ ለሚችል ሰው ሁሉ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወይዘሮ መንበረስ ደኅና ናቸው? ድንጉላ ፈረስዎስ የተነፋ ሆዱ ጎደለለት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ፊደል የቆጠርሁት ልጄ ኩማ ሲያጠና ከጎኑ እየተቀመጥሁ ስለሆነ እጄ ቀስ ይላል፤ እርስዎም ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የኩማ መርዶ የደረሰኝ መስከረም 12 ቀን፣ ሰኞ ጠዋት ነው። ቡና ጭነው ወደ ጋምቤላ ከወረዱት ነጋዴዎች ጋር ሄዶ፣ ወባ ይዞት እዚያው ቀረ። ሲሄድ በእግሩ ነበር፤ «የቆላ ዝንብ ፈረስ ይጨርሳል» ብሎ ባዝራውን ዳማን ከእርስዎ መስክ ትቷት ወረደ። ለባዝራዋ ያሰበውን ለራሱ ሳያስብ ቀረ፤ ልጄ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። እንግዲህ ያው ሰኞ የእርስዎ አዲስ የግጦሽ ደንብ ሥራ የጀመረበት ቀን ስለሆነ፣ ሁለቱን ነገሮች ለይቼ ላስታውሳቸው አልቻልሁም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ሹም ነገር በቁጥር ሲሆን ይወዳል ሲሉ ሰምቻለሁና።

1ኛ/ በደንቡ መሠረት የፊታውራሪና የቀኛዝማች ፈረሶች ገና ጎሕ ሲቀድ በታችኛው በር ወደ ለምለሙ ጨፌ ይገባሉ፤ የግራዝማችና የባላምባራስ ይከተላሉ፤ የባለሱቅና የጸሐፊ ፈረሶች ቀጥለው፣ ማዕረግ የሌለን ሰዎች ፈረሶች ግን በላይኛው በር ዳገቱ ላይ ይወጣሉ። እኔ ማዕረግ በግብር አዳራሽ እንጂ በሣር ላይ መኖሩን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር፤ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የሚያሳዝነው ፈረሶቹ አለመማራቸው ነው። እነሱ ከቀድሞ ጀምሮ የራሳቸው ደንብ አላቸው፦ ወደ ወንዝ ሲወርዱ ዳማ ትቀድማለች፣ ሌሎቹ ይከተላሉ፣ የእርስዎ ድንጉላ ከኋላ ሆኖ ይጠብቃል። ዳማ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ አንድ ጊዜ ዘወር ስትል ድንጉላዎ አንገቱን ደፍቶ ገለል ይላል፤ እንዲህ ያለ ትሕትና ከጌታው ተምሮ ነው እንዳልል ደግሞ እርስዎን አውቃለሁ።

2ኛ/ ክረምቱ ሲወጣ የሚበቅል ሣር ውኃ ያዘለ መሆኑን፣ ጤዛው ሳይረግፍ የጋጠው ፈረስም ሆዱ እንደሚነፋ፣ በመቱ ዙሪያ ሽሮ የምታማስል ሴት ሁሉ ታውቃለች። ዳማም ታውቃለች፤ ስለዚህ ጠዋት መንጋውን ዳገቱ ላይ በደረቁ ሣር ታቆይና፣ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ጨፌው ታወርደዋለች። እርስዎ ግን ባለማዕረጎቹን ጎሕ ሲቀድ ከጤዛው አስገቧቸው። የቀኛዝማች አራርሳ ቡላ ፈረስ እንደ ከበሮ ተነፋ። ሦስት ቀን ሙሉ የመቱ ታላላቅ ሰዎች ካባቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው የፈረስ ሆድ በቅቤ ሲያሹ ዋሉ፤ የእኛ የተራዎቹ ፈረሶች ደግሞ ከዳገቱ ላይ ቁልቁል ይመለከቷቸው ነበር። ደረቁን ሣር ለእኛ ስለፈረዱልን ውለታዎን አንረሳም።

3ኛ/ ይህ ከሁሉ ይረዝማል። በአገራችን ሰው ሲሞት ፈረሱ የጌታውን ኮርቻ ተጭኖ በለቅሶው መካከል ይሳባል፤ ይህን እርስዎም ያውቃሉ። ስለዚህ ጎረቤቴ ሽብሬ የኩማን ኮርቻ ተሸክማ ዳማን ልታመጣ ወደ መስኩ ሄደች። ዘበኛዎ ሁንዴሳ ደግ ሰው ነው፤ ባርኔጣውን አውልቆ «እትዬ ሽብሬ፣ ነፍሱን ይማር፤ ግን የተራ ሰው ፈረስ ከስድስት ሰዓት በፊት ከመስኩ አይወጣም፣ ግራዝማች ይቆጡኛል» አላት። እሷም «አንተ ሁንዴሳ፣ ሞትም እንግዲህ ተራ ይጠብቅ?» ብላ ጮኸችበት። እነሱ ሲከራከሩ ዳማ ኮርቻውን አየች። መጥታ አሸተተችው፤ ከዚያ የበሩን መወርወሪያ በደረቷ ገፍታ ሰበረችና ወደ ቤቷ አቀናች።

ብቻዋን ብትመጣ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍሁም። ከኋላዋ ዐሥራ ዘጠኝ ፈረሶች ተከተሏት፤ ባለማዕረጉም ተራውም ተደባልቀው፣ ማንም ማንንም ሳይቀድም ከደጄ ገቡ። ቄሱ ጸሎታቸውን አቋርጠው አጥር ላይ ወጡ። ሽብሬ ኮርቻውን እንደ ታቦት ከራሷ በላይ ይዛ እያለከለከች ደረሰች። ድንጉላዎ ለለቀስተኛው የተጎዘጎዘውን ሣር ሙልጭ አድርጎ በላና፣ ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት ከፊታውራሪ ያደታ አጠገብ ቆሞ በረጅሙ ተነፈሰ። ያን ጊዜ ሳቅ አፈነኝ። ልጇ የሞተባት እናት ስትስቅ ሰው ደነገጠ፤ ከዚያ ፊታውራሪ ራሳቸው ጀመሩ፣ ሁላችንም እያለቀስን ሳቅን። ኩማ ቢያየው ኖሮ መሬት ላይ ይንከባለል ነበር። ድንጉላዎ ለቅሶ ስለደረሰኝ ምስጋናዬን ይንገሩልኝ፤ ከቤተሰብዎ እስከ ዛሬ የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው።

4ኛ/ በማግስቱ ዳማ «የአድማ መሪ» ተብላ ከመስኩ ለዘለዓለም እንድትባረር ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ በመስክዎ ማን እንደሚቀድም የሚያውቅ የለም፤ ወንዙ ዳር ሲራገጡ አምስቱ አንካሳ ሆነዋል። ዳማም ጓሮዬ ታስራ ትውላለች። ሣር በማጭድ አጭጄ አበላታለሁ፤ ነገር ግን ጉልበቴ አልቋል። እስከሚመጣው ቅዳሜ ካልፈቀዱላት ቡሬ ወስጄ ለጭነት ከመሸጥ በቀር መላ የለኝም። ከልጄ የቀረችኝ እስትንፋስ ያላት ነገር እሷ ብቻ ናት። እዚህ ላይ ቀልዴን አቁሜ እለምንዎታለሁ፦ በሩን ይክፈቱላት፤ በየትኛውም በር ይሁን።

ዕድሜዎ እንደ ባሕር ዛፍ ይርዘም፣ ማዕረግዎም ፈረስ ሁሉ እስኪያውቀው ድረስ ይግነን እያልሁ፣ ከእግርዎ ሥር በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ማዕረግ የሌላት፣
ሙላቷ ሰቦቃ

ማሳሰቢያ፦ ለካ ዳማ ከብዳለች። የጽንሱ አባት ማን እንደሆነ ሁንዴሳ በዓይኑ አይቷል፤ የእርስዎ ድንጉላ ነው። ውርንጭላው የተወለደ ዕለት ግማሹ በታችኛው በር፣ ግማሹ በላይኛው እንዲገባ አስቀድመው ደንብ ቢያወጡለት መልካም ነው፤ እንኳን ለዝምድናው አበቃን።

ይህን የምታነቡና የምትሰሙ ወገኖቼ ሆይ፣ ሣቁ፣ አልከለክልም፤ ስትጨርሱ ግን የልጄን የኩማን ነፍስ አስቡልኝ። የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። በዚህ ስም ጥሩትና አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙለት።