አምስት ነፊዎችን ከመኪና ላወረዱልን አለቃ

ለክቡር የባህል ጉዞ አስተባባሪ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ጆሮዎም ቢያንስ እንደ ማኅተምዎ የሚሠራ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለመላው ቤተሰብዎ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በ1987 ዓ.ም.፣ ክልላችን ገና አዲስ ሳለ፣ ከአዲስ አበባ ከመጣው ትልቅ ባንድ እየቀደምን መድረክ ስናሟሙቅ ከነበርነው የበርታ መለከት ነፊዎች አንዱ ነኝ። ከአራት ዓመት በኋላም ውለታዎን ስላልረሳን፣ በተራ ቁጥር አስፍሬዋለሁ።

1ኛ. ስለ መኪናው። አሥራ ሁለት ሆነን በማለዳ ከደጅዎ ተገኘን። እርስዎም ለትልቁ ባንድ የድምፅ ማጉያ ሳጥኖች ቦታ ስላስፈለገ፣ አምስታችን እንድንወርድና የቀረነው ሰባቱ ጠንከር አድርገን እንድንነፋ አዘዙ። ዋዛ የምንለው ከቅል የሚሠራው ረጅም መለከታችን አንዱ አንድ ድምፅ ብቻ እንደሚያወጣ፣ ዜማው የሚሞላውም እያንዳንዱ ነፊ ተራውን ጠብቆ የራሱን ሲጨምር እንደሆነ ልናስረዳዎ ሞክረን ነበር። እርስዎ ግን ከበሮ መቺ ሲታመም ሌላው ደርቦ እንደሚመታ በትዕግሥት አስተማሩን። ከወረዱት አንዱ አዛውንቱ ጀዕፈር መለከታቸውን እንዳቀፉ፣ «እኔ ያለኝ አንድ ድምፅ ነው፤ እሱን ደግሞ ሳጥኑ አያውቀውም» አሉ። ሳጥኑ እሳቸው በተነሡበት ወንበር ተቀመጠ። በዚያ ሁሉ አቧራና ጎርበጥባጣ መንገድ አንድም ጊዜ አላስመለሰውም፤ ለምርጫዎ ምስጋና ይገባዎታል።

2ኛ. ስለ ባምባሲ መድረክ። ሰባት ሆነን ስንነፋ ዜማው ጥርሱ የረገፈ አፍ መሰለ። የትልቁ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ምንይሉ፣ ቅን ሰው ነውና፣ መለከቶቻችን በመንገድ ተሰብረው እንደሆነ ቀስ ብሎ ጠየቀን። መኪና ውስጥ የተሰበረ ነገር እንደሌለ አረጋገጥንለት።

3ኛ. ስለ መንጌ መድረክ። እዚያ ሕዝቡ ዜማውን እናቱ ጀርባ ላይ ሳለ ጀምሮ ስለሚያውቀው፣ የጎደሉትን አምስት ድምፆች ከቆመበት ሆኖ በአፉ ይሞላልን ጀመር። አንዲት ሴት በጀዕፈር ተራ አንዴም ሳትስት ትገባ ነበር። እርስዎ በሪፖርትዎ ሕዝቡ በደስታ አብሮ እንደዘፈነ ጻፉ። ማይክሮፎኑ ግን ፊቱን ወደ መድረኩ ብቻ ስላዞረ፣ በካሴት የተቀረጸው አምስት ቀዳዳ ያለው ዜማ ነው።

4ኛ. ስለ ካሴቱ። ያንኑ ለትምህርት ቤቶች አደሉልን። ተማሪዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ ዝምታውን ሳይቀር በቃላቸው ይዘውታል። ጀዕፈር በሚገቡበት ቦታ ሁሉም አንድ ላይ ትንፋሽ ይወስዳሉ።

ክቡር ሆይ፣ ካሣ አንጠይቅም። ጀዕፈር ዛሬም አሉ፤ ትንፋሻቸው ግን ከዓመት ዓመት እያጠረ ነው። መለከታቸውን ማንም ሊነፋው ይችላል፤ መቼ እንደሚነፋ ግን ወጣቶቹ የሚማሩት ከካሴቱ ነው፤ በካሴቱ ውስጥ ደግሞ እሳቸው የሉም። ስለዚህ ለመጪው የክልል በዓል አሥራ ሁለት ወንበርና አንድ አዲስ ካሴት፣ ሞት ሳይቀድመን፣ እንዲፈቀድልን በአክብሮት እለምናለሁ። ሳጥኖቹ ቅር ካላቸው እኔ በግሌ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንድ ድምፅ ብቻ ያለኝ፣ እሱንም ተራዬን ጠብቄ የማሰማው ታዛዥዎ፣
ሚፍታህ ኡመር

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ ለበዓሉ የተገመገምንበት ያለፈው ሳምንት ልምምድ ውጤት ደረሰን። አሥራ ሁለታችንም ነፍተን ነበር። የላኩልን ወጣት ባለሙያ ከካሴቱ ጋር ካመሳከረን በኋላ፣ አምስቱ በካሴቱ የሌለ ድምፅ ስለሚጨምሩ ከዝግጅቱ እንዲሰናበቱ ወስኗል። የጀዕፈር ስም ከአምስቱ በአንደኛ ተራ ቁጥር ሰፍሯል። ሳነብላቸው ምስጋናቸውን እንዳደርስልዎ አዘውኛል፤ በመድረክ ሥራቸው ስማቸው በመንግሥት ወረቀት ላይ ሲጻፍ ይህ የመጀመሪያው ነው።